ሳይሰማ የተጫነው

«አንድ አብራሪ ነበረ» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ይህን የነገሩት ለምንተስኖት፣ ለሚኒባስ ሹፌሩ ነው። ምንተስኖት ከሚስቱ ተጣልቶ እናቱ ቤት ማደር ከጀመረ ከርሟል። ጋሽ አጥናፉ ሽማግሌ ሆነው እንዲያስታርቁት ሊለምን መጥቶ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ብያለሁ። ያለችኝን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው በሩን የማትከፍትልኝ? ቶሎ ይንገሩኝ፣ ተራዬ ሊደርስ ነው» አላቸው። ጋሽ አጥናፉ ግን አልቸኮሉም።

አንድ አብራሪ ነበረ። በትንሽ አውሮፕላን መንገድ ወዳልገባበት አገር መድኃኒት ያደርሳል፣ በሽተኛ ያመላልሳል። ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሲያገግም ከረመ። በዚህ መሀል የጤና ምስክር ወረቀቱ ጊዜው አለፈበት። ያ ወረቀት ከሌለ አብራሪም እንደማንኛችንም እግረኛ ነው። ሰማዩን ለምዶ መሬቱ ጠበበው። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና እያለ፣ የምን ሞተር እንደሆነ በድምፁ ብቻ ለጎረቤት እየተናገረ ሲብከነከን ኖረ።

እግሩ ሲድን ወረቀቱን ሊያሳድስ ሄደ። ለምርመራው አዲስ አይደለም። ደሙን ሰጠ፣ ዓይኑን ታየ፣ ልቡን ተደመጠ፤ ሁሉም ደህና። የቀረው ጆሮው ነበር። ሐኪሟ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ አደረገችለት። በጣት የሚጫን መጫኛ ቁልፍ አስያዘችውና፣ «ካፒቴን፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ» ብላ በሩን ዘጋችው።

የመጀመሪያውን ሰማ፣ ተጫነ። ሁለተኛውንም። እየቆየ ድምፁ ቀጠነ፣ ራቀ። ሰውየው ምን ገዶት፤ ስንት ዓመት የተመረመረበት ነውና አካሄዱን ያውቀዋል። ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ጢጥ። ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ጢጥ። ሰማም አልሰማም፣ አሁን ደርሷል ባለ ቁጥር ይጫናል። ሐሳቡ ቀድሞት ሄዷል፤ ዩኒፎርሙን ሲለብስ፣ ሞተሩ ሲነሳ፣ መሬቱ ከሥሩ ሲሸሽ ይታየዋል።

በሩ ተከፈተ።

«ካፒቴን፣ ምን እየሰሙ ነው?»

«እሱን ነዋ፣ ድምፁን።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ድምፁን ካጠፋሁት ቆየሁ» አለችው።

ከኋላው ጭኖ ያበረራቸው ሰዎች ታሰቡት። ምጥ ይዟት በደመና መሀል ያሻገራት ሴት ታሰበችው። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ሰዎች በሬዲዮ ሲያናግሩት፣ በደንብ ሳይሰማ «ተቀብያለሁ» ብሏቸው ያውቅ ይሆን? ብሏቸው እንደሆነስ በምን ያውቃል?

«ወደቅሁ ማለት ነው?» አላት።

«ገና መቼ ተመረመሩና።»

ተመልሶ ተቀመጠ። በሩ ሲዘጋ ጣቱን ከመጫኛው ላይ አነሳው።

ጸጥታው መጣ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከደመና በላይ እንኳ ገጥሞት አያውቅም። መጀመሪያ ትንፋሹን ሰማ፤ ቀጥሎ ደሙ በጆሮው ሥር ሲያልፍ፤ ቀጥሎ ልቡን። እሱ ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲያዳምጥ፣ ይኼኛው ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው ሲመታ ኖሯል። ሰውየው መቅደስ በስህተት የገባ ያህል ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። አሁን ደርሷል ሲል ጣቱ ልሂድ አለው፤ ከለከለው። ደግሞ ልሂድ አለው፤ ከለከለው። ካልሰማሁ አልጫንም፣ መብረሩም ከቀረ ይቅር አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነገር መጣ። ለካስ ነበረ። እንዲህ ቀጥኖም ነበረ። ተጫነ።

ሐኪሟ በሩን ስትከፍት ስለ ወረቀቱ አልጠየቃትም። «ዶክተር፣ ያመለጡኝን ደግመው ያሰሙኛል?» ነው ያላት።

ጋሽ አጥናፉ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«እና ወረቀቱን አደሰችለት?» አለ ምንተስኖት።

«አደሰችለት። አንደኛው ጆሮው ትንሽ እንደደከመ ነግራው፣ አደሰችለት። አንተስ፣ ሚስትህ መጨረሻ ላይ ያለችህ ምን ነበር?»

«እሺ ማለቴን ነው እንጂ እሷ ያለችውንስ አላስታውስም» አለ ምንተስኖት። ውጭ ረዳቱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ተራ ደርሷል። አልተነሳም።

«አብራሪው አንተ ነህ፣ ልጄ» አሉት። «እሷ መናገር ከተወች ቆይታለች። አንተ ዛሬም እሺ፣ እሺ እያልክ ትጫናለህ። እኔን ብትልከኝም ይዤልህ የምሄደው ያንኑ እሺህን ነው። ራስህ ሂድና ደጇ ላይ ተቀመጥ።»

«ተቀምጬ ምን ልበላት?»

«ምንም። መጀመሪያ የምትሰማው የገዛ ልብህን ነው፤ አትደንግጥ። የእሷ ድምፅ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።»