የጓንጉል ጉንፋን

ተረት ሲጠቀስ ሰው ሁሉ ሳቅ ብሎ ያልፋል እንጂ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ይችን ግን ያመጣት አንድ ጉንፋን ነው።

ጓንጉል የሚባል ሙግት አዋቂ ገበሬ ነበር። እሱና ጎረቤቱ አላምረው ባንድ ሰሞን አንዳንድ ግንባረ ነጭ ቦራ ወይፈን ጠፋባቸው፤ የተገኘው ግን አንድ ብቻ ሆነ። ሁለቱም “የኔ ነው!” አሉ። ለጓንጉል ነገሩ የዋዛ አልነበረም፤ ያለዚያ ወይፈን ጥማዱ አይሞላም፣ ክረምቱም ደጅ ላይ ደርሷል።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ዕለቱ ሲደርስ ጓንጉልን ጉንፋን ይዞታል። መንገዱን ሙሉ አላምረው ላይ ያስነጥስበታል።

“ይማርህ” ይላል አላምረው።

“ያኑርህ” ይልና ደግሞ ያስነጥሳል።

ችሎት ሲደርሱ ጓንጉል ድምፁ ስለተዘጋ ቀጠሮ ለመነ። አላምረውም “ይሰጠው፤ ታሞ እንዴት ይሟገታል?” አለ። ቁራኛቸው ተፈትቶ ለሳምንት ተቀጠሩ።

በሳምንቱ ጓንጉል ድኖ፣ ድምፁ እንደ ደወል ጠርቶ መጣ። አላምረው ግን አፍንጫውን እየጠረገ “ጌታዬ፣ እኔም ሦስት ቀን ይሰጠኝ” ሲል ቃሉ በግድ ተሰማ። ጓንጉል በደስታ የሚሆነውን አጣ! ወይፈኑ ከነቀንበሩ ታየው።

“በሕግ አምላክ! ቀጠሮ አይሰጠውም!”

“ላንተ ተሰጥቶህ የለም እንዴ?” አሉ ዳኛው።

“እንግዲያው ዋስ የለውም፣ ያመልጣል! እስከ ቀጠሮው ከኔ ጋር ይቆራኝልኝ!”

“ሰውየው እኮ ጉንፋን ይዞታል።”

“እኔማ ወጥቶልኛል! አንዴ የለቀቀ ጉንፋን ደግሞ አይዝም!”

ተቆራኙ። ሦስት ቀን ባንድ ገበታ በሉ፣ ባንድ መደብ ተኙ። አላምረው ሲያስነጥስ ጓንጉል ክርክሩን እያሰላሰለ አንዴም “ይማርህ” አላለውም።

በሦስተኛው ቀን አገር ምድሩ የጓንጉልን ሙግት ሊሰማ ወጣ። ጓንጉል ኩታውን አጣፋ፣ ዘንጉን ነቀነቀ፣ “በላ ልበልሃ!” ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የጫጩት ነው፤ ጉንፋኑ አገርሽቶበታል! ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓንጉል በእጁ እያመለከተ ቀጠሮ ለመነ፤ ዳኛው አላምረውን አዩት።

“መጀመሪያ ፈቀድኩለት፤ እሱ ግን ጨከነብኝ” አለ አላምረው፣ ድምፁ ተከፍቶለት። “ዛሬስ ልናገር።”

ተናገረ፤ የወይፈኑን የጆሮ ምልክት ቆጥሮ አስረዳ። መልስ የሚሰጥ ስለጠፋ ተፈረደለት። ጓንጉል ወይፈኑ ሲነዳ እያየ እንባው መጣ፤ ከእንባው ግን ማስነጠሱ ቀደመ።

“ይማርህ” አለው አላምረው ዞር ብሎ።

ከዳኛው አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ቸኮል በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ “አይ ጓንጉል! ያዋሱት ዕቃ ተጠይቆ፣ ያዋሱት ጉንፋን ሳይጠየቅ ይመለሳል።”