የስንዱ ደብዳቤና የጋሼ ውቤ ገንፎ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ላምም በረትም የለበትም፤ ካርድና ማኅተም ግን ሞልቶበታል።

በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካርድ ስታወጣ፣ ካርድ ስትመልስ ኖረች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ከካርድ ክፍሉ ማዶ ባለችው የኮድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ። እዚያ ሐኪሙ የጻፈው ይነበባል፤ ለየበሽታው የተመደበው ፊደልና ቁጥር ቅጹ ላይ ይሞላል፤ የጤና መድን ቢሮውም ያንን ኮድ አይቶ ሕክምናውን ይሸፍናል። ስንዱ ኮዶቹን ማንም ሳያስተምራት ከአሮጌ መጽሐፍ ገልብጣ አጥንታቸዋለች። ልጇ ማባዣ ሲሸመድድ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ የስብራትን ኮድ ትሸመድድ ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን የኮድ ሠራተኞች ሥልጠና ምዝገባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል ተባለ። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስንዱ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ መዝጋቢው ወደ አቶ ላቀው ሮጠች።

«የሥራ ልምድ ደብዳቤሽስ?» አሉ አቶ ላቀው። «ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም።»

ወደ ሰው ሀብት፣ ወደ ወይዘሮ ፋናዬ ሄደች። «እትዬ ፋናዬ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ አቶ ላቀው ያለ ደብዳቤ አይመዘግቡም።»

ወይዘሮ ፋናዬ ጻፉላት። «ግን የኔ እመቤት፣ ማኅተም ካላረፈበት የስኳር መጠቅለያ ነው። ያለ ማኅተም ወጪ አላደርገውም።»

ወደ መዝገብ ቤት፣ ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ሄደች። «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ማኅተም ይምቱልኝ፤ እትዬ ፋናዬ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አይሰጡም፤ አቶ ላቀው ያለ ደብዳቤ አይመዘግቡም።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ማኅተሙን አነሱ፤ ስንዱም ልቧ ተነሣ። ደብዳቤውን አዩና ማኅተሙን መልሰው አስቀመጡት። «ፊርማው የታለ? ባዶ ወረቀት ላይ አትሜ ወህኒ ልውረድልሽ? ያለ ፊርማ አላትምም።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ወደ ዶክተር ሩሐማ። «ዶክተር፣ ይፈርሙልኝ፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ያለ ፊርማ አያትሙም፤ እትዬ ፋናዬ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አይሰጡም፤ አቶ ላቀው ያለ ደብዳቤ አይመዘግቡም።»

«ስንዱ፣ ላንቺ ፊርማ አልነፍግም» አሉ ዶክተር ሩሐማ። «ግን ይኸው ከመድን ቢሮ አንድ ቅጽ ተመልሶብኝ ቆሽቴ አሯል። ኮዱ ተሳስቷል። የታካሚው ካርድ እፊቴ ካልመጣ ዛሬ ሌላ ወረቀት አልነካም።» የካርዱን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጧት።

ቁጥሩ የቆየ ነው፤ የቆየ ካርድ ደግሞ መጋዘን ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር በቀራቸው በጥበቃው በጋሼ ውቤ ኪስ ነው። እኔ ተቀምጬ ስቆጥረው ደከመኝ፤ እሷ ምስኪን በእግሯ ነው።

«ጋሼ ውቤ፣ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ፤ ዶክተር ያለ ካርድ አይፈርሙም፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ያለ ፊርማ አያትሙም፤ እትዬ ፋናዬ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አይሰጡም፤ አቶ ላቀው ያለ ደብዳቤ አይመዘግቡም።»

«አልከፍትም!» አሉ ጋሼ ውቤ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ከትናንት ጀምሮ በዚህ በር የሚገባ ሁሉ ‹እንኳን ማርያም ማረችዎት› ይለኛል። ‹ገንፎው የታለ?› ይለኛል። ቡአዬን ተቀድጄ የተኛሁትን ሰውዬ ወለደ ብለው ጽፈውብኛል! ቅጹም ከመድን ቢሮ ተመልሶ የግቢው መሳቂያ ሆንኩ። ይህን የጻፈው ሰው መጥቶ ዓይን ዓይኔን እያየ ካልነገረኝ ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።»

ስንዱ ልትስቅ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሐምሌ የኮድ ሠራተኛው ፈቃድ ሲወጣ ተክታ የሠራችው እሷ ነበረች። የቀዶ ጥገናውን መዝገብ ዘርግታ፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ አንድ በአንድ ስትሞላ ሰው ጠራት። ተመልሳ ማስመሪያው ካለበት ቀጠለች። ማስመሪያው ለካ አንድ መስመር ወርዶ ኖሯል! ከጋሼ ውቤ ስም ሥር ደግሞ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ነበረች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስንዱ ግን የምታድርበት ጊዜ አልነበራትም፤ አሥር ሰዓት አልፏል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ በሩ ግን አይከፈትም። ብትናገር ዶክተር ሩሐማ ይሰማሉ፤ ሽማግሌ ያስወለደችን ሴት ደግሞ ማን ለሥልጠና ይልካል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘችው ነገር ከእጇ ሲወጣ ታያት።

«ጋሼ» አለች ዓይናቸውን እያየች፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስመሪያው ተንሸራቶብኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስምንት ሰው ‹ማረችዎት› አለኝ» አሉ ጋሼ ውቤ። «ይቅርታ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።» ቁልፉንም ከኪሳቸው አወጡ።

ስንዱ የራሳቸውን የጋሼ ውቤን ካርድ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ለዶክተር ሩሐማም ያንኑ ነገረቻቸው። ዶክተር ሩሐማ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ስንዱ አበቃልኝ አለች።

«ዶክተር» አለች፣ «መስመሩ ከወረደ ከሥር ያለችው እናት፣ ከእሷም በታች ያሉት ሁሉ ተበላሽተው ይሆናል። የኔ ነገር ይቆይና እነሱን ላርም። የእነሱም ቅጽ ሳይመለስ።»

ዶክተር ሩሐማ መዝገቡን አስመጡ። አራት መስመር ተሳስቶ ነበር። ስንዱ መጽሐፍ ሳትገልጥ አራቱንም ኮድ በቃሏ ጻፈች፤ ዶክተሯ አንድ በአንድ ከመጽሐፉ አመሳከሩ፤ አራቱም ልክ ነበሩ።

«የማይሳሳት ኮድ ሠራተኛ አላየሁም» አሉ። «የራሱን ስሕተት ፈልጎ የሚያመጣም እስከ ዛሬ አላየሁም።» እስክሪብቷቸውንም መልሰው አነሱ።

እንግዲህ ስንዱ ተናገረች፤ ጋሼ ውቤ ከፈቱ፤ በሩ ተከፈተና ካርዱ ወጣ፤ ካርዱ ወጣና ዶክተር ፈረሙ፤ ዶክተር ፈረሙና ጋሽ ሸዋንግዛው አተሙ፤ ጋሽ ሸዋንግዛው አተሙና ወይዘሮ ፋናዬ ወጪ አደረጉ፤ ወይዘሮ ፋናዬ ወጪ አደረጉና አቶ ላቀው፣ አንድ እጃቸው ጃኬታቸው ውስጥ ገብቶ ሌላኛው ሳይገባ፣ መዘገቡ።

ሥልጠናውን ጨርሳ በኮድ ክፍሉ ወንበር ላይ በተቀመጠች በመጀመሪያው ቀን በሩ ተንኳኳ። ጡረታ የወጡት ጋሼ ውቤ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው የተከደነ ሳህን ይዘዋል። ክዳኑን አነሱት፤ ቅቤው መሐሉ ላይ የቀለጠ፣ የሚጨስ ገንፎ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት።

ስንዱ ሳቀች፤ ሳቀችና አለቀሰች። መጀመሪያ ግን ማስመሪያዋ ከመስመሩ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ድንጋይ ጫነችበት፤ ከዚያ እጇን ታጥባ በላች።

እኔም ተረቴን ፈርሜ አትሜያለሁ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ከገንፎው የተረፈ ካለ ግን አትርሱኝ።