የዓረፋው በግ የማን ነው?

ግንቧ ባረጀ፣ በሯ ግን ገና በሚዘጋ በአንዲት የጥንት ከተማ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ታሪኩን ያጫወቱኝ ሰዎች በከተማዋ ስም አልተስማሙም፤ እኔም የሁሉንም ሰምቼ ግራ ስለገባኝ ትቼዋለሁ። በሼሁ ላይ ግን ክርክር የለም። በዓረፋ ዕለት ከሰላት በኋላ የሰፈሩን ኡድሂያ፣ የበዓሉን መሥዋዕት፣ የሚያርዱት እርሳቸው ነበሩ፤ አንድም ልማድ ነበራቸው። ቢላዋ ከማንሳታቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የማን ነው?» ይላሉ። ባለቤቱ «የእኔ ነው» ወይም «የአባቴ ነው» ሲል ስሙን ይጠሩና «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብለው ያርዳሉ። መልስ ሳይሰሙ ያረዱበት ጊዜ የለም።

በዚያችው ከተማ ዘቢባ የምትባል፣ የቲም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ባሏ ትቶላት የሞተው አንዲት የአትክልት ቦታ ነው። ቦታዋ የምትጠጣው ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሲሆን፣ ያንን ቦይ የከተማዋ ሹም አባስ ወደ አማቹ ማሳ አዞረው። ዘቢባ አቤት ልትል ወደ ሹሙ ደጅ ብትሄድ «ነገ ነይ» ተባለች። በነገውም ሄደች፤ ያም ነገ ለሌላ ነገ አሳለፋት። ጎመኗ ደረቀ፣ ሽንኩርቷ ከአፈር ሳይወጣ ቀረ። ዓረፋ ሲደርስ ከቤቷ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም።

በበዓሉ ዕለት ሹሙ ወደ መስጊዱ ግቢ በግ አስነድቶ መጣ። ለሚስኪኖቹ ገመድ ገመዱን በገዛ እጁ ያስጨብጥ ጀመር፤ ከበሮ ተመታ፣ እልል ተባለ። ለዘቢባም አንድ በግ አስጨበጣት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደስታ ይሁን ንዴት እርሷም አልለየችውም። ልታመሰግን አፏን ስትከፍት የወጣላት «ውኃዬስ?» የሚል ቃል ነበር። በእልልታው መሀል ማንም አልሰማትም።

ምን ታድርግ፣ በጉን ጎትታ ሼሁ ዘንድ አቀረበችው። ሹሙም ዱዓ እንዲያደርጉለት ፈልጎ ጠጋ ብሎ ቆመ።

«የማን ነው?» አሉ ሼሁ፣ እንደ ልማዳቸው።

ዘቢባ «ሹማችን የሰጡኝ ነው» አለች።

«የሰጡሽንማ አየን። እኔ የምጠይቅሽ የማን እንደሆነ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አለች።

ሹሙ ሳቅ ብሎ «ስጦታው የእኔ ነው፣ ሼኻችን። በስሜ ቢያርዱት ደስታዬ ነው» አለ።

«ከመንጋዎ የመጣ ነው?»

«አይ፣ የተገዛው ከግምጃ ቤቱ፣ ከበይተል ማል ነው።»

«በይተል ማልማ የሕዝብ አማና ነው» አሉ ሼሁ። «እንግዲያ አልሰጧትም፤ ድርሻዋ ደረሳት እንጂ።»

ይህን ጊዜ ግቢው ተደበላለቀ። በግ የያዘው ሁሉ ገመዱን ላላ አድርጎ እጁን ይመለከት ጀመር። አንዱ «ታዲያ ማንን ነው የምናመሰግነው?» ይላል፤ ሌላው «ሐራም ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። በጎቹም ገመዱ ሲላላላቸው እርስ በርስ ተቀላቀሉና ያ የማን፣ ይህ የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ «የእኔ ጥቁሩ ነበር፤ ወይስ አልነበረም?» እያለ በበጎቹ መሀል ይዞራል። ከበሮ መቺውም ይምታ ይተው ጨንቆት በአንድ እጁ ብቻ ይመታል።

ሼሁ «ሐላል ነው፣ ብሉት» ብለው ሕዝቡን አረጋጉ። ከዚያ «የዘቢባ ነው» ብለው በጉን በስሟ አረዱ።

የሹሙ ፊት ተለዋወጠ። «እኔ ክፉ አላሰብኩም፣ ሼኻችን። ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ውኃዋን ይልቀቁላት።»

«ዛሬማ በዓል ነው፤ አቤቱታ አይታይም።»

«ለመስጠት የተከፈተው ቀን ለመመለስ ነው የተዘጋው?»

ሹሙ ፊቱን አዙሮ ሄደ። በማግስቱ፣ ገና የእርዱ ቀናት ሳያልቁ፣ በዘቢባ ደጅ አንድ የሰባ ወይፈን ታስሮ ተገኘ። ነገሩ ለሹሙ የገባው በራሱ መንገድ ኖሯል፤ በጉ ያነሰባት መስሎታል! ዘቢባ ወይፈኑን እየጎተተች ሼሁ ዘንድ መጣች።

«የማን ነው?» አሏት።

«የእኔ ነው!» አለች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ተሰማ። «ውኃውም የእኔ ነው!»

ሼሁ ወደ ቦዩ አቅጣጫ እየተመለከቱ «የሹማችን እጅስ ተዘርግቷል» አሉ። «ያስቸገረን ቦዩ ላይ የቆመው እግራቸው ነው።»

እኔ ይህን የሼሁን ቃል ሳወጣ ሳወርድ ከርሜያለሁ። በየበዓሉ ሹማምንት ዘይትና ዱቄት ሲያድሉ፣ ፎቶ ሲነሱ፣ «አሚን በሉ» ሲባል መዳፌን የማደርግበት ይጠፋኛል። እንዳልቆጣ ድሃው ዛሬ ይበላል፤ የተራበ ሰው ፊት ቆሞ «አትቀበል» ማለት ግፍ ነው። ደስ እንዳይለኝ ደግሞ ተቀባዩ ነገ አቤት ሊል ሲሄድ በሩ እንደሚዘጋበት አውቃለሁ። ሼሁ መብላቱን አልከለከሉም፤ የከለከሉት የራስን ሐቅ እንደ ሰደቃ መቀበልን ይመስለኛል። አጥርቼ ገብቶኛል ግን አልልም፤ ወላሁ አዕለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ታሪኩን ያጫወቱኝን ሰዎች አንድ በአንድ «በመጨረሻ ውኃዋ ተለቀቀላት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አንዳቸውም አያውቁም። የወይፈኑ ሥጋ እንዴት ጮማ እንደነበር ግን ሁሉም ነገሩኝ።