«መጣ!» የሚል ሰው

አንድ ሰው ነበር። የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ ያሰጣችሁትን ልብስ ጎረቤት ግቢ የሚያደርስ ነፋስ ነው። የዚህንም ሰው ዲሽ በየጊዜው ያዞርበት ነበር።

ዲሹ በዞረ ቁጥር ሰውየው ጣራ ላይ ይወጣል። ሚስቱ ስንቅነሽ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች። ከዚያ ጩኸት ነው።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! እንዳትነካው! ... ውይ፣ ሄደ! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ይህን ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ማን መጣ፣ ስንቅነሽ? እንግዳ ነው?»

«ኧረ ዜና አንባቢው ነው፣ እትዬ! ግማሽ ፊቱ ግን ገና ነው!»

ስንቅነሽ ታላቅ እህቴ ነበረች። ስለዚህ የምነግራችሁ ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም።

ዘመን ተለወጠ። ልጃቸው ግድግዳ የሚያክል ስስ ቴሌቪዥን ገዛላቸው፤ ከኢንተርኔትም አገናኘላቸው። ጣራ መውጣት ቀረ። ነፋስም አይደርስበትም። ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው፤ ሪሞቱ ላይ አንዷን ቁልፍ ስትጫኑ ፊልሙ ባለበት ቀጥ ይላል። ደጅ ወጥታችሁ ብትመለሱ፣ ተዋናዩ እጁን እንዳነሣ ይጠብቃችኋል።

መልካም ነገር ነው። ቴሌቪዥን ልረግም አልቆምኩም፤ እኔም ቤት አለ።

ነገር ግን ጩኸቱም አብሮ ቀረ። «መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «መጣ!» ብሎ የሚመልስ የለም። ሰውየው ሶፋው ላይ፣ እህቴ ከጎኑ። እሷ ታወራለች፤ እሱ «እ» ይላል። ዓይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ፊልም እያየ ሳለ፣ «አቁመውማ፤ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው።

«ቆይ፣ ይቺ ክፍል ትለቅ።»

«የሚቆም አይደል እንዴ? ቁልፏን ተጫናታ።»

«አሁን እኮ ሊይዙት ነው! ትንሽ ታገሺኝ፣ ስንቄ።»

ሣቀች። «በል እሺ፣ ሌባህን አሲዝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ወዲያው ከጓዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ያን ጊዜ ቁልፏን ተጫነ። ያን ጊዜ ግን እህቴ ወለሉ ላይ ነበረች። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ዳግመኛ ቃል ሳይወጣት አረፈች።

በለቅሶው ሰሞን ቴሌቪዥኑ በነጠላዋ ተሸፍኖ ከረመ። አርባዋ ከወጣ በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ፣ የቤቱ ዝምታ ከበደው መሰለኝ፣ ተነሥቶ ነጠላውን አጣጠፈና ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ቴሌቪዥኑ ምን ብሎ እንደ ጠየቀው ታውቃላችሁ?

«ካቆምክበት ልቀጥል?»

ሰውየው ሪሞቱን እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለአንተ ነግራህ ነበር? ምን ልትለኝ እንደነበር?»

«አልነገረችኝም» አልኩት።

«ምናልባት ጨው አልቋል ልትለኝ ይሆናል» አለ። ሪሞቱን አስቀምጦ፣ «ጨው አልቋልም ቢሆን መስማት እፈልጋለሁ» አለ።

ወገኖቼ፣ ይህን አስቡ። ሌባው ጠበቀው። አሳዳጆቹ ጠበቁት። ለቅሶው አልፎ፣ አርባው ወጥቶ፣ ሁሉም በነበሩበት ቆመው ጠበቁት። መቆም የሚችለውን በጊዜው አላቆመም፤ መቆም የማትችለዋ ሄደች። ሰውየውን ልነቅፈው አይደለም። ከብዙዎቻችን የተሻለ ባል ነበር፤ እህቴ ራሷ ብትኖር ትመሰክርለት ነበር። ለዚህም ነው የምፈራው። እሱ ከሳተ እኛስ?

እግዚአብሔር በገነት «አዳም ወዴት ነህ?» ብሎ ተጣርቷል። ያለበት ጠፍቶት ነውን? አይደለም። ሰው በቅርብ ሆኖም ሊጠፋ ስለሚችል ነው። ይህ ጥሪ ዛሬም ቤታችን ይገባል። በአንድ ሶፋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ ወዴት ነን?

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ደስ የሚል ነገር ከፍታችሁ ትቀመጣላችሁ። እናታችሁ የጉልበቷን ነገር ትጀምራለች፤ ትናንትም የነገረቻችሁን ነው። ልጃችሁ «እይልኝማ» ይላል። ባለቤታችሁ «አንድ ነገር ልንገርህ» ትላለች። ትልቅ ነገር ይሁን፣ ጨው ይሁን፣ አታውቁም። ቁልፏን ተጫኗት። ፊልሙ አይቀየማችሁም፤ የተሠራው እንዲጠብቅ ነው።

ከዚያ ፊታችሁን አዙሩ። ዲሽ እንኳ ምስል የሚይዘው በትንሹ ዞር ሲል ነው። ዞር በሉ። ጣራ ላይ ሳትወጡ፣ ነፋስ ሳይመታችሁ፣ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሡ ዞር በሉ። «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» የሚላችሁ ሰው ገና ቤታችሁ ውስጥ አለና።