እመት አንጓችና አልጎድል ያለው ወንዝ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አፍ ከኔ፣ ጆሮ ከናንተ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ነገሩ ይጠፋብኝና እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ፤ ያን ጊዜ እራታችሁ ይቀዘቅዛል፤ በኋላ አልነገረንም እንዳትሉ።

ከሰሜን ተራራ ሥር፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት አገር፣ እመት አንጓች የምትባል ሴትዮ ነበረች። ባሏ አያ ደርሶ ይባላል። አንድ ልጃቸው ዝማም ከወንዙ ማዶ ተድራለች፤ ቤቷ ከነጢሱ ከወዲህ ሆኖ ይታያል። ያ ወንዝ በበጋ ወንዝም አይባል፤ ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። እመት አንጓችም ጨው ሲያልቅባት ጨው ልትበደር፣ ወሬ ሲያልቅባት ወሬ ልትበደር ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ትውላለች።

ዝማም የበኩር ልጇን አርግዛ ቀኗ ሲደርስ፣ እናትና ልጅ በምስጢር ተመካከሩ። በዚያ አገር ምጥ ወሬ አይወድም፤ የሰማው ሰው በበዛ ቁጥር ይረዝማል ይላሉ።

"እማዬ፣ ሲጀምረኝ አጥሩ ላይ ነጭ ነጠላ አሰቅላለሁ። ማንም እንዳይሰማ። አንቺ ብቻ አይተሽ ድረሽልኝ፤ እፈራለሁ" አለች ዝማም።

"ነጠላውን ነፋስ ሳያወዛውዘው ከደጅሽ ነኝ፤ ምን በወጣሽ ትፈሪያለሽ!" አለች እናት። ለማንም ላትናገርም ማለች።

በዚያ ዓመት ግን ሰማይ አበደ። በበጋ፣ ገብስ ከአውድማ ሳይነሳ፣ በረዶ ወረደ። ወረደ ብቻ ብዬ ልለፈው? ተራራው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲከመር አድሮ፣ ከሰው ቁመት የሚረዝመው ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል እንኳ እስከ አንገቱ ተቀበረ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐይዋ ፍንትው አለች። በረዶው መጀመሪያ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ ፈሰሰ፣ ቀጥሎማ ቁልቁል ጋለበ። ነጩ ነጠላ ከማዶ አጥሩ ላይ የተሰቀለው ልክ ይሄኔ ነው።

እመት አንጓች የገንፎ ዱቄቷንና ቅቤዋን አዝላ በረረች። ወንዙ ዳር ስትደርስ እግሯ ተገታ። ያ ዶሮ የምትሻገረው ወንዝ ግንድ እያንከባለለ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ እንደ በሬ ያገሳል።

"አንተ ወንዝ፣ በሞቴ ጉደልልኝ፤ እኔም ልሻገር" አለችው።

"ማዶ ምን አለሽ?"

"ጉዳይ አለኝ።"

"ጉዳይ የሌለው ማን አለ? በረዶው ቀልጦ እላዬ ላይ እየፈሰሰ በየት በኩል ልጉደል? እሱ መቅለጡን ይተውና እኔም እጎድላለሁ።"

ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች።

"ቆይ ብቻ!" ብላ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ሽቅብ ተራራውን ተያያዘችው። በረዶው በየሸንተረሩ ተጋድሞ ያለቅሳል።

"አንተ በረዶ፣ መቅለጥህን ተው፤ ወንዙ ይጉደል፤ እኔም ልሻገር።"

"እማማ፣ ወድጄ መሰለሽ?" አለ በረዶው አፍንጫውን እየሳበ። "ትናንት መጥቼ ገና ጎኔን ሳላሳርፍ ፀሐይዋ ለበለበችኝ። እሷ ትከለልልኝና ድርቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ለመሆኑ ማዶ ምን አለሽ?"

"ጉዳይ አለኝ አልኩ እኮ!"

በረዶው መቅለጥ አልተው አለ፤ ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች።

ሽቅብ አንጋጠጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከፀሐይዋ ይሁን ከሆዷ እሷም አላወቀች።

"እሜቴ ፀሐይ፣ እባክሽ ተከለይ፤ በረዶው መቅለጡን ይተው፤ ወንዙ ይጉደል፤ እኔም ልሻገር።"

የፀሐይ ኩራት መቼም አይጣል ነው። "እኔ? እኔ ራሴን የምከልለው በምኔ ነው? መጋረጃዬ ደመናው ነበር፤ እሱም ጥሎኝ ሄደ። ይመለስና እከለላለሁ፤ እስከዚያ ግን ዞር በይ፣ ጥላሽ መሬቱን ያዘብኝ።"

ፀሐይዋ አልከለል አለች፤ በረዶው መቅለጥ አልተው አለ፤ ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች።

ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ የዝማም ቤት ቁልጭ ብሎ ታያት። ነጠላው እንደተሰቀለ ነው። አንዲት አዋላጅ ውሃ ይዛ እየሮጠች ስትገባ አየች። "ልጄን! ልጄን!" አለችና ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ ወደ ተራራው ጀርባ ዞረች። ደመናው እዚያ ገደል ውስጥ ተወሽቆ ያንኮራፋል።

"አንተ ደመና፣ ተነስ፣ ተመለስ፤ ፀሐይዋ ትከለል፤ በረዶው መቅለጡን ይተው፤ ወንዙ ይጉደል፤ እኔም ልሻገር።"

ደመናው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "በእግሬ የምሄድ መሰለሽ እንዴ? ነፋስ እየገፋ አምጥቶ እዚህ ወሸቀኝ። ያመጣኝ ይመልሰኝ" ብሎ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ደመናው አልመለስ አለ፤ ፀሐይዋ አልከለል አለች፤ በረዶው መቅለጥ አልተው አለ፤ ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች።

ነፋስን ደግሞ ቆሞ የሚያናግረው የለም፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን አብራው እየሮጠች፣ ቀሚሷን ባንድ እጇ ይዛ፣ እያለከለከች ነው የለመነችው።

"አንተ ነፋስ፣ ሂድ፤ ደመናውን መልሰው፤ ፀሐይዋ ትከለል፤ በረዶው መቅለጡን ይተው፤ ወንዙ ይጉደል፤ እኔም ልሻገር!"

"አልችልም እመት አንጓች!" አለ ነፋሱ ዙሪያዋን እየዘለለ። "አውድማ ላይ አንድ ሽማግሌ ገብስ ያዘራል። ና ና እያለ ያፏጭልኛል። እየተጠራሁ ጥዬ ብሄድ ነውር አይሆንም? ፍሬና ገለባውንስ ማን ይለይለታል? ማፏጨቱን ይተውና በዚያው ቅጽበት እሄዳለሁ።"

ነፋሱ አልሄድ አለ፤ ደመናው አልመለስ አለ፤ ፀሐይዋ አልከለል አለች፤ በረዶው መቅለጥ አልተው አለ፤ ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች። እፎይ! እኔ እንኳ ተቀምጬ ደከመኝ፤ እሷ እንግዲህ ምን ትበል?

"ይሄ ሽማግሌ ማነው? ከንፈሩ ድርቅ ይበል! አሁን የሰው መከራ ባለበት ቀን ማፏጨት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው!" እያለች እየተራገመች ፉጨቱን ተከትላ ወረደች። ወረደች፣ ወረደች፣ አንድ አውድማ ላይ ደረሰች። አውድማው የራሷ ነው። ገብሱ የራሷ ነው። መንሹን ሽቅብ እያነሳ የሚያፏጨው ሽማግሌም አያ ደርሶ፣ የገዛ ባሏ ነው። አትሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

"አያ ደርሶ! ማፏጨትህን ተው፤ ነፋሱ ይሂድ፤ ደመናው ይመለስ፤ ፀሐይዋ ትከለል፤ በረዶው መቅለጡን ይተው፤ ወንዙ ይጉደል፤ እኔም ልሻገር!"

አያ ደርሶ ከላይ እስከ ታች አያት። ቀሚሷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ገለባ በገለባ ሆኗል።

"ምን ነካሽ አንቺ? ደመናው ከተመለሰ ይሄ ገብስ ረጠበ ማለት አይደል? ከረጠበ በሰበሰ ማለት አይደል? የዓመት ጉርሳችን እኮ ነው! ነፋስ ስለምን ሰንብቼ ዛሬ ገና ቀናኝ። ማዶ ምን አለሽ?"

"ጉዳይ አለኝ።"

"ወሬ ነው ጉዳይሽ፤ ነገም ይደርሳል" አለና አፉን አሞጠሞጠ።

አያ ደርሶ ማፏጨት አልተው አለ፤ ነፋሱ አልሄድ አለ፤ ደመናው አልመለስ አለ፤ ፀሐይዋ አልከለል አለች፤ በረዶው መቅለጥ አልተው አለ፤ ወንዙ አልጎድል አለ፤ አንጓችም ከወዲህ ቀረች።

አሁን ወዴት ትሂድ? ከባሏ ወዲያ የሚለመን የለም። ብትናገር ምጡ ይረዝማል፤ ባትናገር ልጇ ያላንዳች ዘመድ ልትወልድ ነው። ዱቄቷን እንዳዘለች ገለባው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አያ ደርሶ ደነገጠ። "አንጓች! ኧረ ተይ፣ ምን ሆነሻል? እኔ ምን አልኩሽ?"

"ዝማም ምጥ ይዟታል!" አለች። "ይኸው ተናገርኩ። ማንም እንዳይሰማ ብላኝ፣ ምዬላት፣ ይኸው ተናገርኩ!"

ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ቀረ። መንሹ ከእጁ ወደቀ።

"ማንም?" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ማንም ነኝ? አንጓች፣ አባቷ ማንም ነው?"

እመት አንጓች ተራራ ወጥታ በረዶ ስትለምን፣ ፀሐይ ስትለማመጥ ስትውል፣ ለዚህ ሰው አንዲት ቃል መንገር አልታያትም ነበር። "አጠፋሁ" አለች።

"ጥፋቱን ተይውና ተነሺ!" ጋቢውን ከትከሻው ገፍፎ ገብሱ ላይ ጣለው። ጋቢ መቼም ያንን ሁሉ ክምር አይሸፍን። "ይርጠብ! ገብሱም ይርጠብ፣ ገለባውም ይርጠብ! ልጄ ካለች ምን ጎደለኝ?"

አያ ደርሶ ማፏጨቱን ተወ። ነፋሱ ሄደ። ደመናው ተመለሰ። ፀሐይዋ ተከለለች። በረዶው ድርቅ አለ። ወንዙ ጎደለ። እመት አንጓችም ባንድ እጇ ቅቤዋን፣ ባንድ እጇ ባሏን ይዛ ተሻገረች!

ዝማም እናቷን ስታይ "እማዬ፣ ዘገየሽ" አለችና እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት። ምጡም አልረዘመ። አያ ደርሶ እንደ ወንድ ወጉ ደጅ ቀርቶ፣ ያለ ጋቢ እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ሰማዩን አንድ ጊዜ በሩን ያያል። ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ አንዲት ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች። ገብሱ ትዝ አለው። ይሄኔ ሕፃን አለቀሰ፤ እመት አንጓችም እልልታዋን አቀለጠችው።

"ሴት ናት አያ ደርሶ! አንተን ቁርጥ!"

ምስኪን ደርሶ! ወንድ እልል አይል ነገር፣ ደስታው መውጫ አጣ። ከንፈሩን አሞጠሞጠና ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ አፏጨ። ያለ የሌለ ትንፋሹን ሰብስቦ አፏጨ።

ነፋሱ ተጠራሁ ብሎ መጣ። ደመናው ዝናቡን ሳያወርድ ተገፍቶ ሄደ። ገብሱም ተረፈ። ፀሐይዋ ፍንትው አለች። በረዶው መቅለጡን ቀጠለ። ወንዙም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ግንድ እያንከባለለ፣ እንደ በሬ እያገሳ።

"ውይ እማዬ፣ ወንዙ ሞላ እኮ! እንግዲህ እንዴት ልትመለሱ ነው?" አለች ዝማም።

እመት አንጓች እሳቱ ዳር ተቀምጣ ሕፃኗን እቅፏ ውስጥ ታስተካክላለች። ወደ ወንዙ ዞር ብላም አላየች።

"አልጎድል ካለ ምን ይደረጋል?" አለች፤ የዚያን ቀን ግን ማንንም አልለመነችም።

እኔም እዚህ ላይ ዝም ልበል፤ እናንተ ደግሞ ቤት ያፈራውን አቅርቡልኝ።