የይታይሽ አጥሚትና እምቢ ያለው ስልክ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የወላዶች ክፍል ነው። እዚያ ይታይሽ የምትባል፣ ትናንት በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ የተገላገለች ሴት ተኝታለች። እህቷ በማለዳ አጥሚት በፔርሙዝ አምጥታላታለች። ወተቷ ገና አልመጣም፤ ልጁ በረሃብ ይንጫጫል። ምን ፈለገች? አንድ ኩባያ አጥሚት ብቻ!

«ሲስተር፣ ልጠጣ?» ብላ አሁን የገባችውን ተረኛ ነርስ፣ ሲስተር መክሊትን ለመነቻት።

«ዶክተሩ ያዘዘውን ሳልሰማ? ሆድሽ እኮ ገና ትናንት ነው የተሰፋው፣ የኔ እናት! ርክክብ ሳልቀበል አልፈቅድም።»

መክሊት አልፈቅድም አለች፤ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁም ያለቅሳል።

መክሊት ወደ አዳሪዋ ተረኛ፣ ወደ ሲስተር አስናቁ ሮጠች። «አስኑዬ፣ በሞቴ አስረክቢኝ!»

«ርክክብ በየአልጋው ዳር፣ በክፍሉ የሥራ ስልክ ነው ተብሏል። የሁሉንም ትእዛዝ እዚያ ከትቼዋለሁ። በቃል ብዬ የማንን ሆድ ከማን ሆድ ላምታታ? ስልኩ ካልበራ አላስረክብም።»

አስናቁ አላስረክብም አለች፤ መክሊት አልፈቅድም አለች፤ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁም ያለቅሳል።

ስልኩን ጠየቁት። «ስትጎረጉሩኝ አድራችሁ፣ አሁን ደግሞ በባዶ ሆዴ ሥራ? ቻርጀር ካላጎረሰኝ አልበራም!» አለ፤ አኮረፈ።

ቻርጀሩን ጠየቁት። «እኔስ ከየት አምጥቼ? ሶኬት ካልተቀበለኝ አላጎርስም።»

ቻርጀር አላጎርስም አለ፤ ስልክ አልበራም አለ፤ አስናቁ አላስረክብም አለች፤ መክሊት አልፈቅድም አለች፤ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁም ያለቅሳል።

ሶኬቱን ጠየቁት። በክፍሉ የሚሠራው እሱ ብቻ ስለሆነ ኩራቱ አይጣል ነው! «አፌ ሙሉ ነው። የጋሽ ሽመክት ስልክ ተሰክቶብኛል፤ ካልነቀሉልኝ ሌላ አልቀበልም።»

ጋሽ ሽመክት የጎረቤት አልጋዋ ወላድ አባት ናቸው። «የልጅ ልጅ አየሁ ብዬ ለአገር ለምድሩ ሳልደውል? ደግሞ ይሄ ልጅ እየጮኸ ማን ይሰማኛል? መጀመሪያ ዝም ይበል፤ ሳልደውል አልነቅልም!»

እሰይ! ዞሮ ዞሮ እዚያው። ልጁ ዝም አልልም አለ፤ ጋሽ ሽመክት አልነቅልም አሉ፤ ሶኬት አልቀበልም አለ፤ ቻርጀር አላጎርስም አለ፤ ስልክ አልበራም አለ፤ አስናቁ አላስረክብም አለች፤ መክሊት አልፈቅድም አለች፤ አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁም ያለቅሳል።

ይታይሽ እልህ ያዛት። «ኧረ እናንተ ሰዎች! በልጄ ረሃብ ነው ቅብብሎሽ የምትጫወቱት?» አለችና ስፌቷን በመዳፏ ደግፋ ተነሳች። እህቷ ደንግጣ ክንዷን ያዘቻት። ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሶኬቱ ጋ ደረሰች። ገመዱን ለመያዝ ጎንበስ ስትል፣ ጡጥ! ነፋስ አመለጣት፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! ገመዱን ግን ነቀለችው።

በቃ! ሶኬቱ ቻርጀሩን ተቀበለ፤ ቻርጀሩ ስልኩን አጎረሰ፤ ስልኩ በራ፤ አስናቁም አልጋው ዳር ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ይታይሽ። ሆዷ ነፋስ ካወጣ አጥሚት ትጠጣ።»

መክሊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ነፋስ አውጥተሻል ወይ?» አለች።

«አውጥታለች!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«እኔ ምስክር ነኝ!» አሉ ጋሽ ሽመክት፣ እጃቸውን አንስተው።

እልልታው ቀለጠ! መክሊት ፈቀደች፤ ይታይሽ አጥሚቷን እስከ አተላው ጠጣች፤ ደረቷ ሞቀ፤ ወተቷ መጣ። ልጁ ጡቷን ጎርሶ ጭጭ አለ፤ እናቱም በደስታ አለቀሰች።

እኔ ፈረቃዬን ጨርሻለሁ፤ ተረቴን ተረከቡኝ።