የጤና ጣቢያው ኩባያ

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያድል፣ አንደበቱ የጣፈጠ ሰው። ወጣት ሴቶች የወሊድ መከላከያ እንክብል ሊወስዱ ሲመጡ አያፈጥባቸውም፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይመረምራቸውም። የመጀመሪያዋን እንክብል እዚያው እንዲውጡ ከእንስራው ውሃ ቀድቶ በኩባያ ያቀርብላቸዋል። ሰው ማክበርን ከእኔ ተማሩ ማለት ይወድ ነበር።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ አንዲት ወጣት መጣች። ገና ማግባቷ ነው፤ መምህራን ኮሌጅ ገብታ ነበርና ሳትጨርስ መውለድ አልፈለገችም። ያገሩ ሰው ደግሞ ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም። ሰውየው እንክብሉን ከፍ አድርጎ መዳፏ ላይ ጣለላት። አፏ ውስጥ ከጨመረችው በኋላ ኩባያውን አነሣና «በይ እጅሽን ዘርጊ» ብሎ፣ እንዳይነካት ተጠንቅቆ ውሃውን በእፍኟ አፈሰሰላት። ሌሎቹ ሴቶች ወረፋ ላይ ሆነው ያያሉ። ጠጣች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አመስግና ወጣች። እሱ ምንም ያጠፋ አልመሰለውም። ምሳውንም ደህና አድርጎ በላ።

ከዚያ ወዲያ እሷም አልተመለሰች፣ ከመንደሯም አንዲት ሴት ዝር አላለችም። «መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ አይገባቸውም እንጂ ምን ላድርጋቸው» እያለ ለአለቆቹ ያወራ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ እንስራው ተሰነጠቀና እንደ ድሮው ከማዶ አዲስ አዘዘ። ይዛ የመጣችው የልጅቷ እናት ናት። ፀሐይ መትቷት ስለነበር ውሃ ልስጥሽ አላት። ሴትዮዋ ማንም ሳይነግራት ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋች።

«ልጅሽስ? ትምህርቱ እንዴት ሆነላት?»

«ትታው መጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ከእኔ ጋር ጭቃ ትረግጣለች።»

«መድኃኒቱ እኮ እዚሁ ነበረ። ለምን አልመጣችም?»

«እኔም ሂጂ ብያት ነበር፣ ጌታዬ። እዚያስ ዳግመኛ እጄን አልዘረጋም አለች።»

ለነቀፋ ያለችው አልነበረም፤ እጇ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ሰውየው እጇን አየ። ስንት ዓመት ውሃ የጠጣበትን እንስራ የሠራው ይኸው እጅ ነው። ፊቱ ጋለ። ኩባያውን ሞልቶ በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ ግን እንዳይጸየፈው ብላ፣ ከንፈሯን ሳታስነካ ከላይ አንቆርቁራ ጠጣች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እንግዲህ ልጄ፣ «የማዶዎቹ ወጣቶች እንደ ከተማዎቹ መከላከያ የማይወስዱት ለምንድን ነው? አይፈልጉም ወይስ አልገባቸውም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያቺ ልጅ ገብቷት ነበር፤ ፈልጋም ነው ወንዝ ተሻግራ የመጣችው። እንክብሉ ለሁሉም አንድ ነው፤ አሰጣጣችን ግን ሁለት ነው፤ እኛ ደግሞ አሰጣጣችንን ትተን እነሱን ዘወትር ስለ እንክብሉ እንጠይቃለን። አንቺስ ነርስ ሆነሽ ከተመደብሽ ወዲህ ከማዶ ለመጣች ሴት ውሃ በምን ሰጠሻት? ለእኔ አትመልሺልኝ።